የጅብ ጥላ እና የኩይሳ እንጉዳይ፦ በወላይታ የዱር እንጉዳይን ፈልጎ ስለማግኘትና ለይቶ ስለማወቅ

(ለመምህራንና ለተማሪዎች በወላይታ ሶዶ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)




ንግግሬን በአንድ ስሕተት እጀምራለሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ወር አንድ ማለዳ፣ አንድ ወዳጄ በስልክ ሁለት ፎቶግራፎች ላከልኝ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር በመኖሪያ ግቢው ሣር ላይ ነጫጭ፣ ባለ ሰፊ ቆብ እንጉዳዮች በክብ ተደርድረው በቅለዋል። አንዱን ገልብጦ በቆቡ ሥር ያሉት ሽንሽኖች ነጭ መሆናቸውንም አሳይቶኛል። «ዶክተር፣ ይበላል?» የሚል ጥያቄ አክሎበታል። ወደ ክፍል እየገባሁ ስለነበር ቆም ብዬ አላየሁትም። «የሚበላው ዓይነት ይመስላል» ብዬ ጻፍሁለት።

ቤተሰቡ እንጉዳዩን በሽንኩርት ጠብሰው ለምሳ በሉት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹን ጨምሮ አምስቱም ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው፤ ሌሊቱን በጤና ተቋም አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ዳኑ። በማግስቱ ወደ ግቢው ስሄድ ሳይለቀም የቀረ አንድ ያረጀ እንጉዳይ አገኘሁ። ሽንሽኖቹ ወደ ግራጫ አረንጓዴ ተለውጠዋል። ቆቡን ቆርጬ በነጭ ወረቀት ላይ ደፋሁት። ማታ ሳነሣው ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ታትሞ አየሁ።

ያ እንጉዳይ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ ይባላል። ሞቃት በሆኑ የዓለም ክፍሎች ሁሉ በሣር ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ የሆድ ዕቃን ክፉኛ የሚያውክ ዝርያ ነው። ገና ለጋ ሳለ ሽንሽኑ ነጭ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ስፖሩ ሲበስል ብቻ ነው። ወዳጄ የላከልኝ ፎቶ ሐሰት አልነበረበትም። ጉድለቱ በእኔ መልስ ውስጥ ነበር። «ይመስላል» የሚለውን ቃል እኔ እንደ መላምት ጻፍሁት፤ የወዳጄ ባለቤት ግን እንደ ፈቃድ አነበበችው። እንድታነበው የሚገባት እንደዚያ ነበር፤ የጠየቁኝ ምሳ ሊያበስሉ እንጂ ጥናት ሊያደርጉ አልነበረምና።

የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን ደጋግሜ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። አንድን የዱር እንጉዳይ «አውቀዋለሁ» ለማለት ምን ያህል ማወቅ ያስፈልጋል?

ስሙ የሚነግረን

በአማርኛ ሁለት ስሞች አሉን፤ አንዱ እንጉዳይ፣ ሌላው የጅብ ጥላ። የጅብ ጥላ የሚለው ስም የአንድን ባህል አመለካከት በሁለት ቃል ያስቀምጣል። ነገሩ የሰው ምግብ አይደለም፤ የጅብ ነው፤ አትንካው። ይህ ስም የሚበላውንና የሚገድለውን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ስላጠቃለለ ብዙዎቻችን «ያልተማረ ፍርሃት» እንለዋለን። እኔ እንዲህ አልለውም። ምንም እንጉዳይ የማይበላ ማኅበረሰብ በእንጉዳይ አይመረዝም። ጥንቃቄው ሙሉ ነው፤ ዋጋው ግን ዕውቀቱም አብሮ መቅረቱ ነው።

በሀገራችን ደቡብ፣ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ሁኔታው የተለየ ነው። የመዠንገር ሕዝብ እንጉዳይን እንዴት እንደሚጠቀም ቱኖ የተባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ጽፈዋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዋቻ ቀበሌ ነዋሪዎች የእንጉዳይ አመጋገብ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የመንጌ ወረዳ ባህላዊ ዕውቀት ደግሞ በ2020። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳዊት አባተ ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በደጋው የሀገራችን ክፍል የሚገኘውን አጋሪከስ ካምፔስትሪስ የተባለ የሜዳ እንጉዳይ አስተዋውቀዋል። እንግዲህ «ኢትዮጵያዊ እንጉዳይ አይበላም» የሚለው አባባል ለሀገሪቱ በሙሉ አይሠራም።

ኩይሳውን ማወቅ

ከስሕተቴ በኋላ በነበሩት ክረምቶች ወደ ሁምቦ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ደጋግሜ ወርጃለሁ። እዚያ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አገኘሁ። የበልጉ ዝናብ በወረደ በሁለተኛው ሳምንት በማለዳ እንጉዳይ ለመልቀም ሲወጡ ተከተልኋቸው። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ «እማማ፣ የሚበላውን በምን ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ቆቡ ቅርጽ እንዲነግሩኝ ነበር የጠበቅሁት።

«ልጄ፣ እኔ እንጉዳዩን አላውቅም፤ የማውቀው ኩይሳውን ነው» አሉኝ።

ከዚያም አሳዩኝ። ኩይሳው ዳር የበቀለውን እንጉዳይ አልነቀሉትም። በእንጨት ዙሪያውን ቆፈሩ። የእንጉዳዩ እግር ከመሬት በታች እየቀጠነ እንደ ረጅም ሥር ወደ ኩይሳው ሆድ ይወርዳል። ያንን ሥር በጣታቸው እስከሚችሉት ድረስ ተከትለው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ቅርጫታቸው ከተቱት። ጥቂት ርምጃ አልፎ ከአንድ ግራር ሥር በቅሎ ያገኘሁትንና ለዓይኔ ተመሳሳይ የሆነውን ግን ሳይነኩት አለፉ። «ይኼ ቤት የለውም» አሉ።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኚህ እናት የተናገሩት ነገር በሥነ ሕይወት ቋንቋ ሲተረጎም እጅግ ጥብቅ መለያ ነው። ከምስጦች መካከል አንድ ንዑስ ቤተሰብ ፈንገስ አርሶ አደር ነው። ሠራተኞቹ ምስጦች የደረቀ እንጨትና ሣር በልተው ከኩሳቸው በኩይሳው ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ማሳ ይሠራሉ። በዚያ ማሳ ላይ ተርሚቶማይሴስ የተባለው ፈንገስ ይበቅላል። ፈንገሱ ምስጦቹ ብቻቸውን የማይችሉትን የእንጨት ክፍል ያፈራርስላቸዋል፤ እነርሱም ማሳውን እየተመገቡ ፈንገሱን ከተባይ ይጠብቁለታል፣ እርጥበትና ሙቀትም ያመቻቹለታል። ይህ ሽርክና ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውና በአፍሪካ ምድር የተጀመረ እንደሆነ የዘረመል ጥናቶች ያመለክታሉ። ዝናብ ሲወርድ ፈንገሱ ከማሳው ተነሥቶ፣ አፈሩን በጠንካራ የቆቡ ጫፍ ሰንጥቆ ይወጣል። እማማ በጣታቸው የተከተሉት ረጅም ሥር ማሳውን ከቆቡ ጋር የሚያገናኘው አካል ነው።

ተርሚቶማይሴስ ያለ ምስጥ አይኖርም። ስለዚህም «ቤት አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ጥያቄ ከቀለምና ከሽታ ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በኩይሳ አፈር ላይ ሌሎች እንጉዳዮችም ሊበቅሉ ይችላሉ። እማማ በኩይሳ ላይ መብቀሉን ብቻ አይተው ያልረኩት፣ ሥሩን የፈለጉትም ለዚህ ነው።

የዚህ ወገን ዝርያዎች በመጠን እጅግ ይለያያሉ። በዛምቢያ የሚገኘው ተርሚቶማይሴስ ቲታኒከስ የቆቡ ስፋት ወደ 1 ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ተርሚቶማይሴስ ማይክሮካርፐስ ደግሞ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ትንንሽ ሆኖ በመቶዎች ይበቅላል። ወገኑን እ.ኤ.አ. በ1942 የሰየሙት ፈረንሳዊው ሮዤ ኤም ናቸው። አንዱ ዝርያ ተርሚቶማይሴስ ሺምፐሪ ይባላል። ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሀገራችን ሰሜን ለአርባ ዓመት ያህል ኖረው፣ ዕፀዋት ሲሰበስቡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1878 በዐድዋ ያረፉት ጀርመናዊ የዊልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው። የሰብሳቢው ስም በሳይንሱ መዝገብ ገብቷል። ለሰብሳቢዎች መንገድ ያሳዩ የሀገሬው እናቶችና እረኞች ስም ግን እንዲህ ባሉ መዝገቦች ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ይህን ማረም የእኛ ትውልድ ድርሻ ይመስለኛል።

የሰው ሀገር መጽሐፍ ለምን አይበቃንም

ብዙ ተማሪዎች በአውሮፓ የተዘጋጀ የእንጉዳይ መመሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ ይዘው ወደ ዳሞታ ተራራ ይወጣሉ። ችግሩ መጽሐፉ ስለ ሌላ ደን መናገሩ ነው። በአውሮፓ ኦክ፣ ቢችና ፓይን ከሥራቸው ጋር ተጣምረው ከሚኖሩና ከመሬት በላይ እንጉዳይ ከሚያፈሩ ፈንገሶች ጋር ይኖራሉ። የእኛ ነባር የደጋ ዛፎች፣ እንደ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉት፣ በአብዛኛው የሚጣመሩት በዓይን የሚታይ እንጉዳይ ከማያፈሩ፣ ከሥሩ ውስጥ ገብተው ከሚኖሩ ፈንገሶች ጋር ነው። ስለዚህም በነባር ደናችን የምናገኛቸው እንጉዳዮች አብዛኞቹ የወደቀ እንጨትና ቅጠል የሚያበሰብሱ ናቸው።

ባሕር ዛፍና ፓይን በመጡ ጊዜ ግን የሥራቸው ጓደኞችም አብረው መጡ። በወንዶ ገነት በፓይን ተክል ውስጥ የአውሮፓው ሱይለስ ሉቴየስ ተመዝግቧል። ይህ እንጉዳይ ይበላል። ነገር ግን በዚህች ምድር ስለ እርሱ የሚያውቅ አያት የለም፤ ከአያቶቻችን ጋር አልኖረምና። በተመሳሳይ መንገድ ገዳዩ አማኒታ ፋሎይደስ ከአውሮፓ ከኦክ ችግኝ ጋር ተጉዞ በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በሰሜን አሜሪካ ተስፋፍቷል። ከውጭ የመጣ ዛፍ ሥር የምናገኘውን እንጉዳይ በሀገር ልማድ መዳኘት አንችልም፤ ልማዱ እርሱን አልፈተነውም።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ጀርመን የገቡ ብዙ ስደተኞች በሀገራቸው የሚበላ የመሰላቸውን እንጉዳይ ለቅመው በልተው በአማኒታ ፋሎይደስ ተመርዘዋል። በሃኖቨር የሚገኘው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ማስጠንቀቂያውን በበርካታ ቋንቋዎች እስከማውጣት ደርሷል። እነዚያ ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም። ዕውቀታቸው የአንድ አገር ዕውቀት ነበር፤ ሰዎቹ ድንበር ሲሻገሩ ዕውቀቱ አልተሻገረም።

በመስክ የምንሠራው

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

በመጀመሪያ ቦታውን መዝግቡ። በሣር ነው? በእንጨት? በፍግ? በኩይሳ? በአቅራቢያው ምን ዛፍ አለ? ይህ ከተነቀለ በኋላ ከእንጉዳዩ ሊነበብ አይችልም።

ሁለተኛ፣ አትንቀሉት፤ በቢላዋ ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት። የአማኒታ ወገን በእግሩ ግርጌ እንደ ከረጢት ያለ ሽፋን አለው። እንጉዳዩ ሲነቀል ያ ከረጢት አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ዋነኛው የአደጋ ምልክትም አብሮት ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ለጋውንም የበሰለውንም ያረጀውንም ሰብስቡ። እኔ የሳትሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ዕድሜ ብቻ ያየ ሰው ዝርያውን አላየም። ገና ያልተከፈተ እምቡጥ ካገኛችሁ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ሰንጥቁት፤ የሜዳ እንጉዳይ የሚመስል እምቡጥ ውስጥ በሽፋን የተጠቀለለ አማኒታ ሊኖር ይችላል።

አራተኛ፣ የስፖር አሻራ ውሰዱ። ቆቡን ከእግሩ ቆርጣችሁ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ድፉት፤ በብርጭቆ ክደኑት፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት አቆዩት። የሜዳው አጋሪከስ አሻራ ጥቁር ቡናማ ነው። የተርሚቶማይሴስ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። የአማኒታ ነጭ ነው። የክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ አረንጓዴ ነው። ዋጋው አንድ ወረቀትና አንድ ሌሊት ነው። ያንን አንድ ሌሊት ብጠብቅ ኖሮ አምስት ሰዎች ባልታመሙ ነበር።

አምስተኛ፣ ናሙናውን በዝቅተኛ ሙቀት አድርቁ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የሰብሳቢውን ስም ጻፉበት፤ በዕፀዋት ቤተ መዘክር አስቀምጡት። ናሙና የሌለው ስም ማንም ተመልሶ ሊፈትነው አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የፈንገስ መለያ ሆኖ የተመረጠውን የዘረመል ክፍል ማስነበብ የሚቻለውም ናሙናው ሲኖር ነው። የአካባቢውን ስምና አጠቃቀም ስትመዘግቡ ደግሞ የነገራችሁን ሰው ፈቃድ ጠይቁ።

በየሰፈሩ ስለሚሰሙት «ፈተናዎች» አጭር ቃል ልጨምር። ነጭ ሽንኩርት ወይም የብር ማንኪያ አብሮት ሲበስል ካልጠቆረ ይበላል ይባላል፤ የአማኒታ መርዝ ሁለቱንም አያጠቁርም። ትል ከበላው ለሰውም ይሆናል ይባላል፤ ይህ መርዝ የማይጎዳቸው ነፍሳት አሉ። ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ያድናል ይባላል፤ ይህ መርዝ በሙቀት አይፈርስም። ለሁሉም እንጉዳይ የሚሠራ የወጥ ቤት ፈተና የለም።

ሁለቱ ሰዓቶች

የጤና ተማሪዎች በመካከላችን ስላሉ ይህን በተለይ ለእነርሱ እናገራለሁ። በእንጉዳይ የታመመ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «በላችሁ ከስንት ሰዓት በኋላ ጀመራችሁ?» የሚል ይሁን። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ የጀመረ ትውከት ብዙ ጊዜ የሆድ ዕቃ መቆጣት ነው፤ ፈሳሽ በመተካት ይድናል። ከ6 ሰዓት በኋላ የጀመረ ግን እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ገዳይ መርዝ መታየት አለበት። አማቶክሲን የሕዋሳትን የፕሮቲን ትእዛዝ የሚገለብጠውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ጉበት ቀድሞ ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ታማሚው በሁለተኛው ቀን የተሻለው መምሰሉ ነው። ወደ ቤት ይመለሳል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጉበቱ ሥራ ሲያቆም ይመጣል።

አንድ ሰው የተለያዩ ዓይነቶችን ቀላቅሎ ከበላ ቀድሞ ማስታወኩ ሁለተኛውን አደጋ አያስቀርም። የተረፈውን እንጉዳይ፣ ጥሬውንም የበሰለውንም፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መምጣት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

ኩይሳው ሲፈርስ

ወላይታ በሀገራችን ገጠር እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው መሬት ከግማሽ ሄክታር ያንሳል። በዚህ መሬት ላይ ኩይሳ ቦታ ይይዛል፤ ምስጡም ሰብል ያጠፋል፣ የቤት እንጨት ይበላል። ገበሬው ንግሥቲቱን ቆፍሮ ቢያወጣና አፈሩን በማሳው ቢበትን ልንወቅሰው አንችልም። ሆኖም አንድ ኩይሳ ሲፈርስ «በእናቴም ጊዜ ይሰጥ ነበር» የሚባልለት የእንጉዳይ ቦታ አብሮ ይጠፋል፤ ቦታውን የሚያሳይ ሰው ለልጁ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። የእማማ ዕውቀት በቃል ብቻ አይተላለፍም። ኩይሳው ካልቆመ «ቤት የለውም» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም።

ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው ወቅቱ ነው። እንሰትና ሥራ ሥር ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ነው። የደረቀ እንጉዳይ እንደ ዝርያው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። የኩይሳ እንጉዳይ የሚወጣበት የዝናብ መጀመሪያ ደግሞ ያለፈው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። እንጉዳይ ረሃብን ያስወግዳል አልልም፤ ዘጠኝ እጁ ውኃ ነው። የምለው ይህ ነው፦ የተራበ ሰው የማያውቀውን ይሞክራል። የሚታወቀው እንጉዳይ ከአካባቢው ሲጠፋ በምትኩ የሚለቀመው የማይታወቀው ነው። ስለዚህ የባህላዊ ዕውቀት መጥፋት ለሕዝብ ጤናም ጥያቄ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ሥራ በቅርባችን አለ። በሁምቦ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአካባቢው ማኅበራት ጥበቃ፣ ከነባር ጉቶዎች እያቆጠቆጠ እንደገና በደን ተሸፍኗል። ከዛፎቹ የተገኘው ካርቦን በቶን ተሰልቶ ተሽጧል። በዛፎቹ መካከል የቆሙትን ኩይሳዎች አንድ በአንድ መመዝገብ፣ በየዓመቱ የትኛው መቼ እንዳፈራ መከታተል፣ የስፖር አሻራና የደረቀ ናሙና ማስቀመጥ፣ ከእናቶቹና ከእረኞቹ ጋር አብሮ መሥራት ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የቀረበ ሥራ ነው። ከዱር ላለመልቀም የሚመርጥ ሰው ደግሞ የኦይስተር እንጉዳይን በጤፍ ጭድና በቡና ገለባ በቤቱ ማልማት ይችላል፤ ምን እንደዘራ ያውቃልና።

ወደ መነሻዬ ልመለስና ልጨርስ። ያ ወዳጄ ዛሬም እንጉዳይ ሲያይ ይደውልልኛል። ፎቶ ግን አይልክም፤ ቆቡን በወረቀት ላይ ደፍቶ፣ አድሮ ያመጣዋል። እኔም አብዛኛውን ጊዜ አይቼ «አላውቀውም፤ አትብሉት» እላለሁ። በእንጉዳይ ሳይንስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከሌላው ቃል ሁሉ ይህን አዘውትሬ እናገራለሁ። እማማ ከግራሩ ሥር ያለውን ሳይነኩ ያለፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያውቁትን አጥብቀው ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ለመገመት አልቸኮሉም።